ከወንበሩ እስከ መስኮቱ

ለተከበሩ የቤት ጥበቃ ካሜራና የኢንተርኔት መስመር አገልግሎት ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ግልጽ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በሰፊ ቢሮና በማይቆራረጥ መስመር ላይ ሆነው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ቤተሰብዎስ እንዴት ነው? ልጆችዎ ቤት ውስጥ ሲሮጡ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ሳይዘሉ፣ መሃሉን ሁሉ እየረገጡ ይደርሳሉ? እኛ ቤት ይህ ቀላል ነገር ስላልሆነ ነው መጠየቄ፤ በድፍረት አይቁጠሩብኝ።

እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። አባቴ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ፎቶ ቤት ከፍቶ የሰው ፊት ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ስትሮክ ግራ ጎኑን መታውና እግሩ ከዳው። ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ስለሆንንና እኔ ካልሰፋሁ ድስት ስለማይጣድ፣ የእናንተን ካሜራ ገዝቼ ሳሎን አሰቀልኩ፤ ስልኬን የስፌት ማሽኔ ላይ አስደግፌ በአንድ ዓይኔ ጠርዝ እየሰፋሁ በሌላው አባቴን እጠብቃለሁ ብዬ ነበር። ማስታወቂያችሁ «የትም ይሁኑ፣ ቤትዎ ነዎት» ይላል። እግዜር ይስጥልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሥራ ቦታም ቤትም መሆን አቅቶኛል።

ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በቁጥር ከፋፍዬ ላቅርብ።

፩ኛ፦ ስለ ዝላዩ አመሰግናለሁ። ሐኪሞች ያለ ዱላ አይራመድም ያሉት አባቴ፣ በእናንተ ካሜራ ሲታይ አሁን ወንበሩ ላይ ነው፣ አሁን መስኮቱ ጋ ነው። እግሩን ያነሳበት፣ የተንገዳገደበት፣ ግድግዳ የተደገፈበት ጊዜ በምስላችሁ ውስጥ የለም። ክቡር ሆይ፣ ለእንዲህ ያለ ሰው የሚፈራለት ወንበሩና መስኮቱ ላይ ሳይሆን መሃል ላይ ነው። እናንተ ዳርና ዳሩን እያሳያችሁኝ መሃሉን ለራሳችሁ አስቀርታችኋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው ለካ ለእኔ ኖሯል።

፪ኛ፦ ደርቆ ስለሚቀረው ምስል አመሰግናለሁ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ስልኬን ሳይ አባቴ ብርጭቆውን ይዞ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ደስ ብሎኝ ክሬን መርፌ ውስጥ አስገባሁ። ደግሜ ሳይ እንደተቀመጠ ነው፤ ብርጭቆውም ከአፉ አጠገብ ነው። እንዴት ያለ የሰከነ ሰው ነው እያልኩ አንድ ሙሉ መጋረጃ ጨረስኩ። አባቴ ግን ያን ጊዜ ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር። ያነሳችው ጎረቤታችን ናት፤ ሲወድቅ የሰማችው በግድግዳው በኩል ነው፤ ለካ ግድግዳው ከእናንተ መስመር ይፈጥናል። ደውላ አባትሽ ወድቋል ስትለኝ እኔ፣ ኧረ ይኸው እያየሁት ነው፣ ተቀምጧል ብዬ ተከራከርኳት። ወለል ላይ ያለ አባቴን ተቀምጧል ብዬ ተከራከርኩ። ይህን ስጽፍ ደጋግሜ ብድግ እላለሁ፤ ክቡርነትዎ ግን አይጨነቁ፣ በእናንተ ካሜራ ብታይ ተቀምጫለሁ።

፫ኛ፦ ስለ ምክራችሁ አመሰግናለሁ። ስልክ የሚያነሱት ሠራተኞቻችሁ ትሕትናቸው ያስቀናል። አጥፍተሽ አብሪው አሉኝ፤ አጥፍቼ አበራሁት። የመስመሩን ሳጥን ወደ ካሜራው አቅርቢው አሉኝ፤ አቀረብኩት፤ አሁን የአባቴ መድኃኒት ይቀመጥበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ እሱ ተሹሟል፣ መድኃኒቱ ወለል ወርዷል። የምስሉን ጥራት ዝቅ ብታደርጊው እንቅስቃሴው ይሻሻላል አሉኝ፤ ዝቅ ሳደርገው አባቴና ወንበሩ ላይ የተሰቀለው ካፖርቱ አንድ ሆኑብኝ፤ ግማሽ ቀን ሙሉ ካፖርት ስጠብቅ ዋልኩ። ከእጅ አይሻል ዶማ። በመጨረሻ ከፍ ያለውን ጥቅል ግዢ አሉኝ፤ ገዛሁ፤ አባቴ አሁን የሚዘለው በጠራ ምስል ነው።

፭ኛ፦ አራተኛው የት ሄደ ብለው እንዳይደነግጡ። ደብዳቤው የተላከው በእናንተው መስመር ስለሆነ መሃል ላይ ዘሎ ይሆናል፤ አጥፍተው ቢያበሩት ይመጣል። አምስተኛውና ትልቁ ምስጋናዬ ግን ቤታችን ድረስ ስለላካችሁት ባለሙያ ነው። መሰላሉን ዘርግቶ፣ የካሜራውን መስታወት ጠራርጎ፣ ስልኬን ሲነካካ ቆይቶ ሲያበቃ ወደ አባቴ ዞር አለና፣ አባባ፣ ካሜራው ፊት እንቅስቃሴ ሲበዛ ለመስመሩ ይከብደዋል፣ ብዙ ካልተንቀሳቀሱ ምስሉ አይቆራረጥም አለው። አልዋሸም ይሆናል። ነገር ግን ለማን እየተናገረ እንደሆነ አላወቀም። አባቴ ሙሽራውንም ሕፃኑንም እንዳትነቃነቁ እያለ ያረጀ ሰው ነው። በእሱ ሕግ ፎቶ ከተበላሸ ጥፋተኛው የተነቃነቀው ሰው ነው፤ ካሜራ አይከሰስም። ባለሙያው መሰላሉን አጣጥፎ እንደወጣ፣ ለካ እስከ ዛሬ ያበላሸሁብሽ እኔ ነኝ አለኝ።

ከማግስቱ ጀምሮ አባቴ ጠዋት ጠዋት ይላጫል፤ ኮቱን ይለብሳል፤ ብርሃኑ ፊቱ ላይ በደንብ እንዲያርፍ ወንበሩን ያስዞረኛል። ከዚያ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እኔ እስክመለስ አይነቃነቅም። ውሃ ሲጠማው ይታገሣል። ዝንብ አፍንጫው ላይ ብታርፍ አያባርራትም። ምስሉማ ምን ይወጣለታል! አይዘልም፣ አይደርቅም፣ ጥርት ብሎ ይታያል። ወዲያውም ከድርጅትዎ «ችግርዎ ስለተፈታ እንኳን ደስ አለዎት» የሚል መልእክት ደረሰኝ።

ደስታውን ያልተካፈለችን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ብቻ ናት። እግሩን አጠፍ ዘርጋ አድርጋ ካየች በኋላ፣ በየቀኑ ከወንበሩ እስከ መስኮቱ ካልተመላለሰ እግሩ እንደደረቀ እንደሚቀር፣ ያኔ ደግሞ ከወንበር ተነስቶ የመቆሙ ነገር እንደሚያበቃ ሳትደብቅ ነገረችን። ለመንኩት። አለቀስኩበት። ካሜራውን ሳላወርድ አጠፋሁትና ጠፍቷል አልኩት፤ ሳቀብኝ፤ እኔም ልጆቹን አሁን አላነሳችሁም እያልኩ ነበር ጠቅ የማደርገው አለኝ። ጭራሽ ነቅዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት፤ በዚያው ቀን፣ ወድቆ ይሆን እያልኩ ሳስብ የማሽኑ መርፌ ጣቴን ወጋኝ። የታሰረ ጣቴን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ አሁኑኑ መልሰሽ ስቀይው አለኝ፤ ሰቀልኩት።

በመጨረሻ ዋሸሁት። ተስተካክሏል፣ ከእንግዲህ እንደ ልብህ ተራመድ አልኩት። አመነኝና ዱላውን ይዞ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ከወንበሩ እስከ መስኮቱ ሄደ። ከሥራ ስመለስ በር ላይ ፈገግ ብሎ ጠበቀኝ፤ የተቀዳውን አሳዪኝ አለ። እምቢ ልል አልቻልኩም። ወንበሩ ላይ ራሱን አየ፤ መስኮቱ ጋ ራሱን አየ። ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ደግሞ ደጋግሞ ፈለገና፣ መሃሉ የታለ? አለኝ። ያን ሁሉ ላብ ያፈሰሰበት መሃሉ ነበር። እንዲህ እየዘለልኩብሽ ነው እንዴ ስትሳቀቂ የምትውይው፣ በይ ተይው የኔ ልጅ፣ ልቀመጥልሽ አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልተነሳም።

ክቡር ሆይ፣ እንግዲህ ፌዙን ትቼ ልለምንዎ። የሌባ ፊት አሳዩኝ አላልኩም፤ ሌባ ቢመጣም ከእኛ ቤት የሚያገኘው መጋረጃ ነው። የምለምነው ከወንበሩ እስከ መስኮቱ ያለውን ብቻ ነው፤ አንድ አዛውንት እግሩን ሲያነሳ፣ ሲያሳርፍ፣ መልሶ ሲያነሳ ሳይዘል የሚታይበት መስመር። ያን አንድ ጊዜ ባሳየው ነገውኑ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ይህ ከአቅማችሁ በላይ ከሆነም፣ ጥፋቱ የመስመራችሁ እንጂ የእሱ እንዳልሆነ በቃሉ የሚነግረው አንድ ሰው ላኩልኝ። እኔን አያምነኝም፤ ስለምወደው የምዋሸው ይመስለዋል፤ አንድ ጊዜም ዋሽቼዋለሁ። መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ቢነግረው ግን ያምናል። እባካችሁ ፍጠኑ፤ እግር እንደ ምስል ቆሞ አይጠብቅም።

ትዕግሥትዎን፣ ጤናዎንና ወዲያ ወዲህ የሚሉበትን ጉልበት ያብዛልዎ እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

በመዝገባችሁ ችግራቸው ከተፈታላቸው ደንበኞች አንዷ፣
የፎቶ አንሺው ልጅ፣ መጋረጃ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ይህን ስጽፍ አባቴ ከወንበሩ ሆኖ ምን እየጻፍሽ ነው ቢለኝ፣ ለካሜራው ድርጅት የምስጋና ደብዳቤ ነው አልኩት። እንግዲያው የእኔን ይቅርታም አድርሺልኝ ስላለኝ አደርሳለሁ፦ ትናንት ከሰዓት በኋላ ምስሉ ትንሽ የተቆረጠው እሱ አስነጥሶት ነው፤ ሁለተኛ አይለምደኝም ብሏል።