ለፋሂም ሥራ የተላኩ ሽማግሌዎች

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለቲጃኒ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ? የካርቱም ሙቀት ዘንድሮ እንዴት እያደረገህ ነው? ወገብህን ተሻለህ ወይስ አሁንም የዱቄት ጆንያ ትሸከማለህ? ዳቦ ቤቱስ ደህና ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን፤ ከአንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብንም ብዬ እንደ ልማዴ ልጽፍ ነበር። አልቻልኩም። ጎድሎብናል። ነገሩ መስመር በተቆራረጠ ቁጥር ሃሎ ሃሎ እየተባለ የሚነገር አይደለም። ስለዚህ ይህችን ደብዳቤ ወደ መተማ ለሚወርድ ነጋዴ ሰጥቻታለሁ፣ ቁጭ ብለህ አንብባት።

ወንድማችን ፋሂም ቤት የለም። ሳይነግረን ከደላላ ጋር ወደ ሱዳን ወጥቷል።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ባጃጅ ተገልብጦ እግሩን ከሰበረው ወዲህ እንደሚያነክስ ታውቃለህ። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በእንጨት ሥራ ተመርቆ፣ ሥራ ፈላጊ በሚመዘገብበት የመንግሥት ቢሮ ደጅ ሲጠና ከረመ። እዚያ ባይሳካለትም ሰው ያናግረው ነበር። ዛሬ የለም፣ ሰኞ ብቅ በል ይሉታል፤ እሱም ሰኞን ተስፋ አድርጎ ይሰነብታል። ዓምና ታዲያ ቢሮው ሥራ የማገናኘቱን ነገር ለአንድ የግል ድርጅት አሳልፎ ሰጠው። ድርጅቱ ቀልጣፋ ነው፣ ኮምፒዩተር አለው፣ ሥራ ፈላጊውን ያሠለጥናል ተባለ። እውነትም ያሠለጥናል! ፋሂምን ቀጣሪ ፊት እንዴት ፈገግ እንደሚባል አስተማሩት። እኔም እንደ ሙሽራ ጥርስህን እያሳየህ ልትኖር ነው ብዬ ቀለድኩበት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ለድርጅቱ የሚከፈለው ሥራ ባስገባው ሰው ልክ ነው አሉ። ስለዚህ ቶሎ የሚቀጠረውን፣ እግሩ የጸናውን ያስቀድማል። ፋሂምን የመሰለው ደግሞ "እንደውልልሃለን" ተብሎ ይሸኛል። አብረውት የተመዘገቡት ልጆች አንድ በአንድ ሥራ ገቡ፤ እሱ ስልኩን ከእጁ ሳይለይ ዋለ። በኋላ በኋላ ከሰፈሩ ደላላ ጋር ጥግ ይዞ ሲያወራ አየሁት። ለአባባ ነገርኳቸው።

አባባን ደግሞ ታውቃቸዋለህ። ከጅሬን እስከ የቡ ድረስ የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው በሳቸው አይደል? ለሳቸው በሽማግሌ የማይፈታ ነገር በምድር ላይ የለም። እኛ እያለን ልጃችን ለምን ይሰደዳል አሉና ሐጂ ጀቤሳንና ጎረቤታችንን ጋሽ ለይኩንን ይዘው፣ ልክ ለልጁ ሚስት እንደሚጠይቅ ሰው፣ ጃርሳ፣ ሽማግሌ ሆነው ወደ ድርጅቱ ሄዱ። ባዶ እጅ አይኬድም ብለው ከየቡ የመጣ ማር በጣሳ አስያዙኝ። እኔም ተከተልኳቸው። ወይኔ፣ ምነው በቀረሁ!

ሥራ አስኪያጁ ከአዲስ አበባ የመጣ ለጋ ወጣት ነው። ተቀመጡ አላቸው። እነሱ በወጉ መሠረት "ጉዳያችን እሺ ሳይባል አንቀመጥም" አሉ። ደግሞ ለመናቸው፤ እነሱም ደግመው እምቢ አሉ። ሦስት ሽማግሌ ከዘራውን ተመርኩዞ ጠረጴዛው ፊት ተገትሮ ሲያይ ልጁ ግራ ገባው። ለካ እኛ ማክበር ያልነው ለሱ አድማ መስሎታል! ለዚያውም ያን ዕለት ከቢሮው ተቆጣጣሪ ይመጣበት ነበር። አባባ ማሩን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡማ ጭራሽ ደነገጠ። ይሄ ጉቦ ነው፣ ያስከስሳችኋል፣ ውጡልኝ ብሎ ዘበኛ ጠራ። ዘበኛው ማን መሰለህ? በየጁምዓው ከአባባ ጎን የሚሰግደው ሰውዬ። ክንዳቸውን ይዞ እያወጣቸው "አፉ በሉኝ፣ እንጀራ ሆኖብኝ ነው" ይላል። ደረጃው ላይ ሥራ ፈላጊዎች ተሰልፈው ያዩ ነበር፤ ፋሂምም ከመሐላቸው ቆሟል።

ያን ማታ እህል አልቀመሰም። አባባ በኔ እግር ምክንያት ተዋረዱ ይላል ደጋግሞ። አይደለም ብንለው፣ ብንቆጣው፣ ብንለምነው፣ ወይ ፍንክች! በሳምንቱ የቡ ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ከመተማ አንድ ጊዜ ብቻ ደወለ። "አባባን ይቅር ይበሉኝ በያቸው" አለኝና ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። ደላላው ሊቢያ ድረስ ነው የሚወስዳቸው አሉ።

አሁን የሚያንገበግበኝን ስማ። ለካ ዘበኛው ሥራ አስኪያጁን ቁጭ አድርጎ ወጉን አስረድቶታል። ፋሂም ከሄደ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ሐጂ ጀቤሳን አስቀድሞ ቤታችን መጣ፤ በተራው ደጃፋችን ላይ ቆሞ ይቅር ካላሉኝ አልቀመጥም አለ። የቡ ያለ አንድ የቡና መጋዘን አናጢ ይፈልጋል፣ ስለ እግሩም ነግሬያቸው ተስማምተዋል አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ልጮህበት አፌን ከፍቼ ፊቱን ሳየው አቃተኝ፤ እሱም የሰው ልጅ ነው። አባባ "ተቀመጥ ልጄ፣ ሳታውቅ ነው" ብለው ይቅር አሉት። ቀጥለውም "ሥራው ተገኘ፣ ሠራተኛው ጠፋ" አሉ። አባባ ሲያለቅሱ ያየሁት ያኔ ነው፣ ቲጃኒ። አሁን ለሽምግልና ቢጠሯቸውም አይወጡም።

ማሎ ወንድሜ፣ እባክህ፣ ሐበሻ የሚሰበሰብበትን ሁሉ ጠይቅልን፤ ሻይ ቤቱን፣ መስጊዱን፣ ሕንፃ የሚሠራበትን። የሊቢያን መንገድ ሳይጀምር ድረስበት። ስታገኘው እንዳትቆጣው፤ አንተ ደግሞ ቁጣ ይቀድምሃል። መጋዘኑ የዘንድሮ ቡና እስኪያልቅ ቦታውን ይጠብቅለታል። ሥራውን ቢጠላም ግድ የለም፣ ብቻ ይምጣ። አባባ "እኔ አልተዋረድኩም፤ ለልጄ ነው የቆምኩት፣ ነገም እቆማለሁ" ብለዋል፤ ይህን ሳታጎድል ንገረው።

አባባ በዱዓ አስበውሃል። ሐጂ ጀቤሳና ጋሽ ለይኩን እንደምን አለህ ይላሉ። ልጄ ፋሪዳ አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ትጠይቃለች፣ ጉንጭህን ስማለች። እማ ደግሞ ለሁለታችሁም ሰላም ብላለች። ፋሂም አንተ ጋ በሰላም ደርሶ አብራችሁ የምትኖሩ ነው የሚመስላት፤ እንቅልፍ ብታጣብኝ እኔ ነኝ እንዲያ ያልኳት። አልጋውን ለፋሂም ይልቀቅለት፣ እግሩን ብርድ እንዳይመታው ብላሃለች።

እህትህ ለጢፋ
ጅማ፣ ጊንጆ
ኅዳር 14 ቀን 2002 ዓ.ም.