አሮጌው በሕይወት ሳለ

ውድ ኒቆዲሞስ፣

የግራ ጫማዬ ሶል ዛሬ ረፋድ በሐረር ጀጎል ድንጋይ ላይ ማረፉን በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። እግሬን ላሳርፍ የተቀመጥኩት ስፌት ከሚሰፉት ከአዴ ዐፋፍ ደጃፍ ነው። እሳቸው አዲስ የተነከረውን ቀይ የአለላ ሣር፣ ቀለሙ እንዲገጥም፣ ከአሮጌው ጋር ፀሐይ ላይ ይዘው ያስተያያሉ። እኔም ጉራዬን ነዛሁ፦

"እኛ የዓለም ተመራማሪዎች ደግሞ ፀሐይን ራሷን በሳተላይት ስንለካ አርባ ዓመት አለፈን። ጉልበቷ ከሺህ አንድ እጅ ከፍ ዝቅ ቢል እናውቃለን።"

"ማሻአላህ! መለኪያው አያረጅም?"

"ያረጃል፤ በአዲስ ይተካል።"

"አሮጌው በሕይወት ሳለ ነዋ የምታስተያዩት? አለዚያ ፀሐይዋ ተለውጣ ይሁን መለኪያው፣ በምን ታውቃላችሁ ልጄ?"

በወስፌው የወጉኝ ያህል ደነገጥኩ። እኛ የምንከታተለው አሮጌ መለኪያ እያጣጣረ ነው፤ አዲሱ ገና ከመሬት አልተነሣም። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ "ይደርሳል፣ ይደርሳል" እየተባባልን ሻይ እንጠጣለን፤ እዚህ ግን በጠራራ ፀሐይ ብርድ ብርድ አለኝ። የአርባ ዓመት ልኬት በኛ እጅ ከተቋረጠ አዲሱን ከአሮጌው ጋር አስተያይቶ የሚቀጥለው የለም።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀ። የእናትህን የእትዬ ተናኘወርቅን ጉልበት ሳምልኝ።

ያንተው ሄኖክ

ማረሚያ፦ ከመሄዴ በፊት "መሣሪያው ገና አምስት ዓመት ይሠራል" ያልኩህ "እስክመለስ እንኳ ያቆይልን" ተብሎ ይነበብ።