«እናቴ ትሙት» ያላልሽበት ቀን

ቃሊቲ፣ ዓርብ ጥር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ፤

ሰላምታውን ሳላስቀድም ይህን ላውጣው፤ አለዚያ እንደ ሌላው ጊዜ ጤና ስጠይቅሽ ወረቀቱ ያልቅብኛል። ሳፊያ ምንም አልነገረችኝም። ያን ጊዜም፣ ከዚያም በኋላ። ቢሮ ውስጥ በኮምፒውተር የፈለግሽውን ያነበብኩት እኔው ነኝ። አንቺ ጓደኛሽን ስትቀየሚ እያየሁ ሁለት ዓመት ተኩል ዝም አልኩ።

አሁን እንዴት ነሽ? የአዳማ ሙቀት ተስማማሽ? ሳሉስ ተወሽ? እኔ በአቦ ጸሎት፣ ከጉልበቴ በቀር፣ ደህና ነኝ። ከባድ መኪናው አሁንም በደጃችን ነው የሚያልፈው። የእናትሽ ጽጌረዳ አቧራውን ለብሳም ቢሆን ታብባለች።

በስልክ ያልጻፍኩልሽ፣ በመንገድ የሚያነብ ሰው እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው። ይህንን ከማንም በላይ እኔ አውቃለሁ። የሚያደርስልሽ ሹፌራችን ሙሀመድሰዒድ ነው። ታማኝ ሰው ነው፤ ቢሆንም ፖስታውን በማስቲሽ አጣብቄ በፕላስተር ደርቤ ነው የማሽገው። ተቀድዶ ከደረሰሽ ንገሪኝ። አየሽ፣ አልዳንኩም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልሽ። አብረን በሠራንበት ትራንዚት ቢሮ አሥራ ሁለታችሁም በየጠረጴዛችሁ ስክሪን ይኑራችሁ እንጂ የምትሠሩት በአንድ ሰርቨር ላይ እንደነበር ታውቂያለሽ። ያላወቅሽው የእኔን ዓርብ ነው። ዓርብ ዓርብ፣ ሰው ከሥራ ሲወጣ፣ ብራውዘሩ ያጠራቀመውን የፍለጋ ታሪክ፣ ሂስትሪውን፣ በየሰው ስም እየገባሁ አጸዳለሁ፤ ካልጸዳ ሰርቨሩ ይሞላና ሰኞ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን አልከፍትም ይላል። ከንብረት ክፍል ወደዚህ ሥራ ስዛወር ያስተማረኝ ቴክኒሻኑ ኦላና ነው። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ላቆመ ሰው እንዲገባ አድርጎ በደብተር ጻፈልኝና፣ «ጋሼ፣ የሰው ሂስትሪ ማለት የሰው የውስጥ ልብስ ማለት ነው፤ ሳያዩ ያጽዱት» ብሎኝ ሳቀ።

እኔ አየሁት። ከመጀመሪያው ዓርብ ጀምሮ አየሁት። በስመ አብ ብዬ አማትቤ ነበር የሰው ገመና የምከፍተው። ማን ሌላ ሥራ እንደሚፈልግ፣ ማን ወገቡን እንደሚያመው፣ ማን ከሚስቱ ተደብቆ ምን እንደሚያይ፣ ሁሉን ዐወቅሁ። እያደር ሰው «እንደምን አደሩ ጋሼ» ሲለኝ እንኳ ከሰላምታው ጀርባ ሌላ ነገር ያለ ይመስለኝ ጀመር።

በዚያ ሰኔ ያንቺ ስም ላይ ደረስኩ። ማቅለሽለሽ። የሆድ መንፋት። የማህፀን ሐኪም፣ ሳሪስ። በመጨረሻም፦ ለአባት እንዴት ይነገራል።

ልጄ፣ አራቱን ደምሬ አንድ ነገር ብቻ አገኘሁ። ወገብሽን ማየት ጀመርኩ። ቦርሳሽን ፈተሽኩ። ምሳ ስትተዪ ልብ አልኩ። ከዚያ በአንቺ ስም ያለውን ኢንተርኔት ከሴቲንጉ ዘጋሁት። ጠረጴዛዬ ድረስ መጥተሽ፣ «አባዬ፣ የእኔ ብቻ ለምንድን ነው እምቢ ያለው?» ስትዪኝ፣ ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው አልኩሽ። ፊትሽ ጠቆረ። እኔ በልቤ «ነቃሁባት» አልኩ። በሳፊያ ስክሪን መፈለግ የጀመርሽው ከዚያ ወዲህ ነው፤ በኋላ ከእሷ በቀር የሚያውቅብኝ የለም ማለትሽም ለዚህ ነው።

ያን እሑድ ቤት ውስጥ የሆነውን አንቺም አልረሳሽውም። የማን ነው? አልኩሽ። «ምኑ?» አልሽኝ። አታታልዪኝ፣ ሁሉን ሰምቻለሁ አልኩሽ፤ አንብቤያለሁ ማለት አፍሬ። ንጹሕ ከሆንሽ «እናቴ ትሙት» ብለሽ ማይልኝ አልኩ። ለጠፋ እስክሪብቶ፣ ለዘገየ ታክሲ፣ ለምኑም ለምኑም «እናቴ ትሙት» የምትይው ልጅ አፍሽን ዘጋሽ። እናትሽ ከጓዳ ወጥታ በሩን ተደገፈችና፣ «ተዋት እንጂ! እንዲህ ያለ መሐላ አታስምላት» አለች። ተመካክራችኋል ብዬ ሁለታችሁንም ጠረጠርኩ። በማግስቱ ሻንጣሽን ይዘሽ አክስትሽ ዘንድ አዳማ ወረድሽ።

መስከረም ላይ፣ እናትሽ በተኛችበት ሆስፒታል፣ ሐኪሙ «ሆዷ መንፋት የጀመረው መቼ ነው?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ። እኔ ባሏ አላወቅሁም። ከአዳማ መጥተሽ፣ ከኋላዬ ሆነሽ «ከግንቦት መጨረሻ» ብለሽ የመለስሽው አንቺ ነሽ። ለምን እንዳልማልሽ ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚህ በላይ አልጽፈውም።

ጥቅምት ላይ ቀበርናት። ሐዘን ቤት ሳፊያ አጠገብሽ ልትቀመጥ ስትመጣ ጀርባሽን ሰጠሻት። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። በልቅሶ ላይ አይነገርም አልኩ። ሙት ዓመቱም ላይ አይነገርም አልኩ።

ባለፈው ሳምንት ሳፊያ የሠርግ ጥሪ ይዛልኝ መጣች። ጾማቸው ሳይገባ ነው የምታገባው። ሁለት ካርድ ሰጠችኝና፣ «ጋሼ፣ ይቺን ለእሷ ይላኩልኝ። ምን እንዳጠፋሁ ባላውቅም ይቅርታ ጠይቃሻለች በሏት» አለችኝ። ባላጠፋችው! ማክሰኞ፣ የአቦ ዕለት፣ ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። ስግደት ያዙኛል ብዬ ጉልበቴን እያሰብኩ ነበር። «ስግደቱ ይቆይ፤ መጀመሪያ የዘጋኸውን ክፈት» አሉኝ።

በማግስቱ ለሳፊያ ነገርኳት። «የእኔንም ያዩ ነበር?» አለች። አዎን አልኳት። «እንግዲያው ቀሚሴን ከሙሽራው በፊት አይተውታላ!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ቆመ። ዓይኔን ሳታይ፣ «ብቻ እሷ ትስማው» አለችና ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሳልፍ ስክሪኗን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እውነቷን ነው።

ካርዱን ከዚህ ጋር አኑሬያለሁ። ለእኔ ስትዪ አትምጪ፤ ለእሷ ስትዪ ነዪ። እመጣለሁ ብለሽ ማይልኝ አልልሽም፤ ከእንግዲህ በቤታችን መሐላ የለም።

የእናትሽ አምላክ በወጣሽበት ሁሉ ይጠብቅሽ። ከሚከታተል ዓይን ይሰውርሽ፣ የእኔም ዓይን ቢሆን።

አባትሽ

ፖስታውን ሳላሽግ ይህን ልጨምር። ዛሬ፣ ኦላና በስልክ እየመራኝ፣ ሰው ሥራውን ዘግቶ ሲወጣ ብራውዘሩ በራሱ እንዲጸዳ አደረግሁት። ከእንግዲህ የማንም ነገር በእጄ አያልፍም። የቀረው ያንቺ ስም ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ማስረጃ ብዬ ያስቀመጥኩት፣ በኋላም ለማጥፋት እጄ ያልታዘዘልኝ፣ የሰኔው ፍለጋሽ ሁሉ እዚያው ነበር፤ ኢንተርኔቱም እንደዘጋሁት። መጀመሪያ ከፈትኩልሽ። ከዚያ አማተብኩና፣ አንዱንም መስመር ሳላይ፣ አጸዳሁት።