ግድግዳ ደብዳቢው እኔ ነበርኩ

ጉልቤ ጎረቤቴ፣ እንዴት ከርመሃል?

ትናንት ያ የምንወደው የሄቪ ሜታል ጊታሪስት ስለሚጫወት አዳራሹ ደጃፍ ተሰለፍኩ። ሰልፉ እንደኛ ሰፈር የታክሲ ሰልፍ ረዥም ነው፤ የሚጋፋ ግን የለም። ሰው ሁሉ ሰውየውን መጀመሪያ እንዴት እንደሰማው ያወጋል። አንድ መካኒክ የጋራዡ ሬዲዮ ቁልፍ ተሰብሮ ጣቢያ መቀየር ስላቃተው ነው የሰማው። አንዲት ነርስ ደግሞ ተረኛ ሳለች አንድ በሽተኛ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰክቶላት ነው።

ተራው ሲደርሰኝ ያንተን ታሪክ ነጠቅኩህ። «እኔ ካሴቱን ስከፍት ጎረቤቴ ‹ይሄን ወፍጮ አጥፋልን!› እያለ ግድግዳ ይደበድብ ነበር» አልኳቸው። እውነቱን አንተ ታውቀዋለህ፤ ካሴቱ ያንተ፣ ደብዳቢው እኔ። ሳቅ በሳቅ ሆኑ።

ነርሷ ግን «ታዲያ ጎረቤትህ በኋላ ወደደው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እሱማ እስከዛሬ ደንቆሮ ነው» አልኩ።

ምን ነካኝ ጉልቤ! ጊታሩ ሲጀምር ሰው ሁሉ ሲዘል እኔ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሲያልቅ ነርሷን ፈልጌ «ደንቆሮው እኔ ነኝ፤ ከሰውየው ሙዚቃ ጋር ያስተዋወቀኝ ያ ጎረቤቴ ነው» አልኳት። አልሳቀችም። ይህን የምጽፍልህን ፖስት ካርድ ከበሩ ላይ ገዝታ «ለኔ መናገርህ ምን ያደርግልኛል? ለሱ ጻፍለት» ብላ ሰጠችኝ።

ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ። ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ጠርዙ ላይ በሰማያዊ የተጻፈው የነርሷ ሰላምታ ነው፤ ላንተ ነው፣ ለኔ አይደለም።