አሮጊቷ መርከብ ቀለም ተቀባች

ለእታለም ዜማ፤ እስከ ሐዋሳ ድረስ የሐይቃችን ሰላምታ ይድረስሽ። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ። በባሕር ዳር እንደ እኔ የሚጽፍ ሰው የለም። ኧረ ከማታ ትምህርት ክፍላችን ማለቴ ነው፤ እሱም መምህሩ ሳይቆጠር።

የምሠራባት አሮጌ መርከብ ታድሳ ወደ ጎርጎራ ሰው መጫን ጀምራለች። ወንበሯ አዲስ፣ ቀለሟ ሰማያዊ፤ ሙሽራ ናት። ሆዷ ግን ያው የድሮው ነው፤ ጠዋት ጠዋት የገባባትን ውሃ በባልዲ የማወጣላት እኔ ነኝ። ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ላይፍ ጃኬት ግን ለሁሉም መንገደኛ የሚበቃ አለን።

ክብራን ገብርኤል ገዳም አጠገብ ስንደርስ መንገደኛው ሊሳለም ተነሥቶ ወደ ደሴቱ ጎን ይሄዳል፤ መርከቧም አብራ ትሰግዳለች። ባለፈው ቅዳሜ ውሃው እስከ መስኮቱ ደረሰ። አንዲትን አሮጊት "እማማ፣ ተቀምጠው ይሳለሙ" ብላቸው፣ "መልአኩን እንደ ጎረቤት ተቀምጬ ሰላም ልበለው?" ብለው ተቆጡኝ። ነጋዴው ሙሀመድአወል ከነቤተሰቡ በወዲያኛው ጎን ተቀምጦ "እኛ ሙስሊሞቹ ባንከብድላችሁ ኖሮ ይኼኔ እዚያው ገብርኤል ዘንድ ነበራችሁ!" አለ። ሁሉም ሳቀ። ካፒቴኑ አልሳቀም።

ለፋሲካ ልጆቹን ይዘሽ ጎርጎራ እናታችን ዘንድ ስትመጪ፣ በጎንደር በኩል በመኪና ነይ። አቧራ ቢሆንም ለልጆች አገር ማየት ጥሩ ነው። ትንሿ መሲ ብታለቅስም መርከቧን አታሳዪያት።

አምላክ በደኅና ዓይን ለዓይን ያገናኘን።
ወንድምሽ ሀዲስ

ከጻፍሁልሽ ሁሉ የፈጠርሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ላይፍ ጃኬቱ ለሁሉም አይበቃም። ለመሲ ልክ የሚሆን ደግሞ አንድም የለም።