በጉን ማን አረደው?

ይድረስ ለእታለም ማናለሽ፤

እንደምን ከረማችሁ? አባባ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ናፍቆታችሁና የአልባንያ አይብ ግን እንቅልፍ ነስተውኛል።

ከቢቸናና ከሞጣ ለልምድ ልውውጥ የመጣነው ንብ አናቢዎች ጉድ እያየን ነው! እኛ ዕቃ የምናጥንበት ወይራ እዚህ ዘይት ሆኖ ቤተሰብ ያስተዳድራል። ድሮ መንግሥታቸው ጠላት ይመጣል ብሎ በየማሳው የሠራው የኮንክሪት ምሽግ የፍየል በረት ሆኗል፤ ፍየሎቹ ጠላትን አሁንም ይጠብቃሉ።

ትናንት አጊም የሚባል ገበሬ በግ ጠብሶ ጋበዘን። የእኛው ዘመነ አላስችል ብሎት፣ «በጉን ማን አረደው?» ሲል በአስተርጓሚ ጠየቀ። የሞጣዎቹ ሐምዱና ዘይዳም ጆሯቸውን አቆሙ።

አጊም ግራ ገባው። «እኔና ሚስቴ ነን እንጂ! እኔ ሙስሊም፣ እሷ ክርስቲያን። እሷ ጀመረች፣ እኔ ጨረስኩ።»

በዚህ መልስ የሁለቱም ወገን እጅ ተሰበሰበ። በጉ ለባለቤቶቹ ተረፈ፤ እኛ ሁላችን ባቄላው ላይ ሰፈርን። እኔ ከዘይዳ ጋር ከአንድ ሳህን በላሁ። ማር ነጋዴዋን ዘይዳን በስልክ አንስቼልሽ ነበር መሰለኝ፤ ሦስቴ ሳይሆን አይቀርም።

ባልና ሚስቱን ሲጋቡ ከቤት ያባረራቸው ሰው እንዳለ ጠየቅኋቸው። ማንም የለም። ይህቺን ለአባባ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸውና ፊታቸው እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ።

ለመመለሻዬ ያሰርሽውን በግ ፍቺው። ሽሮ ይበቃል፤ ከሞጣ እንግዳ ይዤ ልመጣ እችላለሁና ሁሉም የሚበላው ይሁን።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ፤ የሚያማቸውን ቀስ ብለሽ።

ወንድምሽ አስናቀው