በውሃ ሞተርሽ የሠራሁት ብስክሌት

ይድረስ ለባለቤቴ ለዘነበች፣

ዘኑዬ፣ «ለጤናሽ እንደምን ነሽ» ብዬ ልጀምር እጄ ከሄደ በኋላ ነው የመለስኩት። ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ቦንጋ እንደምታውቂያት ናት፤ ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ዝናብ። እኔም እንደምታውቂኝ ነኝ ብልሽ ግን መዋሸት ይሆንብኛል።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ልጃችን ሳምራዊት ሐዋሳ ሥራዋ ላይ ናት፤ በየእሑዱ ትደውላለች። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ግማሹን እሰማለሁ፣ ግማሹን በግምት «እሺ፣ እሺ» እላለሁ። የጓዳው ጣራ ዛሬም ያፈሳል። ችግኞችሽን ጎረቤት ተካፍሏቸዋል፤ ቡናውንም አቮካዶውንም። እኔ ጋ ከሚደርቁ ሰው ጓሮ ይጽደቁ ብዬ ነው የሰጠሁት። አንዳንዶቹን በአጥር ሥር ሳልፍ አያቸዋለሁ፤ ደህና ይዘዋል።

ከሁሉ የባሰብኝ ዝምታው ነው። ዕድሜ ልኬን የውሃ መሳቢያ ሞተር አጠገብ ሠርቼ ጆሮዬ መድከሙን ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። አንቺ ትጮሂብኝ ነበር። «ምሳ ቀርቧል አልኩህ እኮ!» ስትይ መንገደኛው የተጣላን ይመስለው ነበር። አሁን ሰው ሁሉ ያከብረኛል። ሽማግሌ ላይ መጮህ ነውር ነው ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያናግረኛል። አክብሮቱን እወድለታለሁ፤ የሚለኝን ግን አልሰማም። እኔም ፈገግ ብዬ ራሴን እነቀንቅና ወደ ቤቴ እገባለሁ። ከሄድሽ ወዲህ በዚህ ቤት ማንም አልጮኸብኝም።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ብስክሌት ሠራሁ፤ ሞተር ያለው። መሳቅ ትችያለሽ።

ልጅ ሆኜ ጅማ አየሁት እያልኩ ያሰለቸሁሽ የድሮ ብስክሌት ትዝ ይልሻል? ቀጭን የቤንዚን ታንክ ከመቀመጫው ፊት የተጋደመበት፣ ክብ መብራት ያለው፣ ከፔዳሉ በላይ ትንሽ ሞተር የተሸጎጠበት። አንቺ «ወይ ብስክሌት ይሁን ወይ ሞተር ይሁን፣ ምን ያወላውላል?» ትይኝ ነበር። እሱን ነው የሠራሁት። የሠራሁት ግን ለልጅነቴ ብዬ አይደለም። ብቻዬን አንቺ ጋ ልመጣ ፈልጌ ነው።

እናትና አባትሽ አጠገብ ቅበሩኝ ብለሽ፣ እንዳልሽው ሆነ። ሺሺንዳ ላይ መኪናው ካወረደኝ በኋላ ያለውን የመንደራችሁን ዳገት ግን ጉልበቴ አይችለውም። ስለዚህ በመጣሁ ቁጥር ለወንድምሽ ለወልዴ እደውላለሁ። እሱ በቅሎ ይዞ፣ ከኋላው ግማሹን መንደር አስከትሎ ይቀበለኛል። መቃብርሽ ላይ ደርሼ ገና ማልቀስ ስጀምር አንዱ ክንዴን ይይዛል፤ «በቃ ጋሼ፣ ይብቃዎት» ይለኛል። ሌላው በወዲያ በኩል ይደግፈኛል። ከቀብርሽ ቀን እስከ ሙት ዓመትሽ ድረስ እንደዚሁ ነው። ክፋት የለባቸውም፤ ወጉ ነው፤ እኔም ለስንቱ ሐዘንተኛ «በቃህ» ብያለሁ። ግን ዘኑ፣ አንድ ቀን እንኳ ለቅሶዬን ጨርሼ አላውቅም። እንዳነቀኝ እህል ደረቴ ላይ ቆሟል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቃ የሚል ሰው በሌለበት፣ አጠገብሽ ተቀምጬ እንደ ልቤ ላለቅስ ፈለግሁ።

ሞተሩን ከየት አመጣኸው ብትዪኝ፣ እንዳትቆጪ፤ ያንቺው ነው። ከጅረቱ ውሃ እየሳበ ችግኝሽን ያጠጣ የነበረው። ከሄድሽ ጀምሮ ጓሮ፣ ቆርቆሮው ሥር ቁጭ ብሎ ነበር። ዝገቱን ጠርጌ፣ ካንዴላውን አጽድቼ፣ ካርቡራተሩን በቤንዚን አጥቤ ገመዱን ብስበው ተነሣ። ፓምፑን ከሞተሩ ለማላቀቅ የመጨረሻውን ብሎን ስፈታ ግን መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ያን ጓሮ ከእንግዲህ ማንም እንደማያጠጣው ያመንኩት ያን ጊዜ ነው። ቁጭ ብዬ ቆየሁ፤ ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

ብስክሌቷ ያቺ መሥሪያ ቤት እመላለስባት የነበረችው ጥቁሯ ናት። ታንኩን ከዘይት ቆርቆሮ አስበየድኩና ከበራችን የተረፈውን አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት። ብሎንና ሚስማር የሚሸጠው ጎረቤታችን ሸምሱ ሱቁን እየዘጋ ሊያየኝ ይመጣ ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር እርስዎን ይሸከማል ወይስ እርስዎ ይሸከሙታል?» አለኝ አንድ ቀን። በአክብሮት ቀስ ብሎ ስለተናገረ ሦስቴ አስደገምኩት። ቀልድ ሦስቴ ሲደገም ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ፤ ሁለታችንም አፈርን።

የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላው ጎማ የሚወስደው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ብዙ አስቸገረኝ። ደረቅ ሲሆን ደህና ይሄዳል፤ ጠብታ ሲነካው ይንሸራተታል። ሞተሩ ይጮኻል፣ እኔ መሀል መንገድ ቆሜያለሁ። ቦንጋ ውስጥ ደግሞ ዝናብ የማይነካው ነገር ከየት ይመጣል? ከአሮጌ ጎማ ቆርጬ እንደ ቀሚስ ያለ መሸፈኛ አለበስኩትና ተገላገልኩ። የሞተሩን ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታ ደግሞ በተቀመጠበት ሁሉ ቅልጥሜን እያቃጠለ እምቢ አለኝ። አወጣሁትና በምትኩ አጭር ቱቦ አስገባሁ። ለእኔ ጆሮ ድምፁ ልክ ነበር፤ እንዲያውም ደስ ይል ነበር። ሸምሱ ሁለት ጆሮውን ሲይዝ የሚጫወት መሰለኝ።

ለማንም ሳልናገር፣ ገበያ ያልሆነ ቀን መርጬ፣ ብስክሌቷን ሚኒባስ ጣራ ላይ አሳስሬ ሺሺንዳ ወረድኩ። ከዚያ ዳገቱን ተያያዝነው። ሞተሩ ሲያቃስት በፔዳል አግዘዋለሁ፤ እኔ ሲደክመኝ እሱ ይስበኛል። ደስ አለኝ፤ ከሄድሽ ወዲህ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው። በልቤ፣ ማንም ሳያየኝ ሹልክ ብዬ እገባለሁ፣ ሹልክ ብዬ እወጣለሁ እያልኩ ነው የምነዳው።

የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ስደርስ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ቆሟል።

ለካ ከሸለቆው ወዲያ ማዶ ጀምሮ ሲሰሙኝ ኖሯል። ዱላ የያዙም ነበሩ፤ ደን የሚቆርጥ የሞተር መጋዝ የመጣ መስሏቸው ሌባውን ሊይዙ ነው የወጡት። ወልዴ እኔ መሆኔን ሲያይ ዱላውን ጣለና ፊቱ ተለዋወጠ። «ሰው እንደሌለህ ብቻህን ትመጣለህ? ምን በደልንህ?» አለኝ። ይህን እንኳ ጮክ ብሎ ነው ያለው፤ ሰማሁት። ከብስክሌቷ ወረድኩ። ሲስሙኝ፣ ሲያቅፉኝ፣ ብስክሌቷን ሲነካኩ ቆይተው ይዘውኝ ገቡ። መቃብርሽ ጋ ተንበረከክሁ። ገና ስምሽን ስጠራ ክንዴ ተያዘ። «በቃ፣ ይብቃዎት።»

ያኔ ታላቅ እህትሽ እትዬ አየለች አየችኝ። ደህና አድርጋ አየችኝ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞራ በካፊኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ የእኔን ካፊኛ ታውቂዋለሽ፣ ብሰማም ብዙ አይገባኝም። ብቻ ወደ ብስክሌቷና ወደ ጭቃዋ ጠቆመች። ሰዉ ሁሉ ተነሣ። ወልዴ መሪዋን ያዘ፣ ሌሎቹ ከኋላ ገፉ፣ ሊያጥቧት ይዘዋት ወረዱ። አየለች መጨረሻ ወጥታ የአጥሩን በር ከውጭ ዘጋችልኝ።

አለቀስኩ፣ ዘኑ። እንዲህ አድርጌ አልቅሼ አላውቅም። ስለ ጓሮው አለቀስኩ፣ ስለዚያ ብሎን አለቀስኩ፣ ለብቻዬ ስለምበላው ምሳ አለቀስኩ። የፈለግሁትን አገኘሁ። ከዚያ ያላሰብኩት ነገር መጣ፤ ማቆም አቃተኝ። ጉሙ ወረደ፣ የለበስኩት ኮት ረጠበ፣ እኔ አሁንም አለቅሳለሁ። የሚወጣ እንባ ባይኖርም አለቅሳለሁ። ፈራሁ። ክንዴን የሚይዝ ሰው ዞር ዞር ብዬ ፈለግሁ፤ ማንም የለም። ቤታችን ቢሆን «ኧረ በቃህ ታደሰ!» ብለሽ የምትጮሂብኝ አንቺ ነበርሽ። አንቺ ደግሞ ከድንጋዩ ሥር ነሽ።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ወልዴ በሩን ገፍቶ ገባ። አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ክንዴን ያዘና «በቃህ» አለኝ። «እሺ» አልኩት። እንደዚያን ቀን እሺ ማለት ደስ ብሎኝ አያውቅም። እየደገፈ አነሣኝ፤ ቤታቸው አደርኩ።

ወደ ቦንጋ ስመለስ ሸምሱ ለብስክሌቷ ልክ የሆነ ማርሚታ አግኝቶልኛል። አመሰገንኩት፤ አልገጥምም አልኩት። ምክንያቱን አልነገርኩትም፤ ለአንቺ ግን ልንገርሽ። ስመጣ ይስሙኝ። ታደሰ መጣ ይበሉ፤ ጥቂት ከአንቺ ጋር ያቆዩኝ፣ ከዚያ መጥተው ያንሡኝ።

መስቀል ሲያልፍ፣ መንገዱ ጠፈፍ ሲል እመጣለሁ። ጠያቂ አታጪም። ለቅሶዬን በቃህ ይበሉኝ፣ እሺ እላለሁ፤ አንቺን ማሰብ ግን በቃህ የሚለኝ ሰው ቢመጣ፣ ጆሮዬ አይሰማም እለዋለሁ።

ባልሽ ታደሰ
ቦንጋ